በንግድ ጉዞ ላይ ሳሉ መታመም
በውጭ አገር ሐኪም ስለሚገኝበት መንገድ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ በተነሣ ጊዜ ፓስፖርቱንና ቪዛውን፥ የባንክ ወረቀቱንና የዕቃውን ናሙና አንድ በአንድ እየቈጠረ ያዘጋጃል። የገዛው ዕቃ በባሕር ላይ ሳለ ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ አስቦ ኢንሹራንስ ይገባለታል። ዕቃውን ለመግዛት የሚሄደው ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ዋስትና ይሳፈራል። ይህ ከንፍገት የመጣ ነገር አይመስለንም፤ በደኅና የወጣ ሰው በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ እታመማለሁ ብሎ ስለማያስብ ነው። ይሁን እንጂ እንቅልፉ ተዛብቶ፥ ምግቡ ተለውጦ፥ ከጧት እስከ ማታ በገበያ አዳራሽ ሲዞር የሚውል ሰው ሕመም ቢያገኘው የሚያስገርም አይደለም። በዚያን ጊዜ ቋንቋውን አያውቅም፥ ዘመድ በአጠገቡ የለም፥ በእጁ ያለውም ገንዘብ ለዕቃ መግዣ የተመደበ ነው። በእኛ አስተያየት ሰውን ከሕመሙ ይበልጥ የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ሐኪም ሳያይ በሆቴል ክፍል ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፋቸው ሁለትና ሦስት ቀኖች ናቸው።

ስለዚህ ሕመም በውጭ አገር ቢያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ የሚመላለሱት ወደ ቻይናና ወደ ዱባይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን የምንጽፈው ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

የባሕር ኢንሹራንስ ውል ማንበብ የለመደ አስመጪ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስን ለመረዳት አይቸገርም። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የነበረበት ብልሽት እንደማይካስ ሁሉ፥ ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም፥ ለምሳሌ ስኳር፥ የደም ብዛት ወይም የኩላሊት ጠጠር፥ በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ብዙውን ጊዜ አይከፈልበትም። ገዢው ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ በዕቃው ውል እንዳለ በዚህም አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ መርማሪው እስኪመጣ ድረስ ወደብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፥ የታመመ ሰው ግን አይጠብቅም። ስለሆነም በውሉ ላይ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ የስልክ ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ታማሚው ሆስፒታል ሊተኛ በሆነ ጊዜ ራሱ ወይም ጓደኛው ወደዚያ ቍጥር መደወል አለበት። ብዙ ውሎች ሳይነገራቸው ለተደረገ ሕክምና ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይከለክላሉ፤ ከተነገራቸው ግን ሆስፒታሉን በቀጥታ ተነጋግረው የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሊልኩለት ይችላሉ። ያ ደብዳቤ ቢያንስ ከትልቁ የገንዘብ ጭንቀት ያድናል።

ወደ ሸንገን አገሮች የሚጓዝ ሰው ይህን ኢንሹራንስ የግድ መግዛት አለበት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቪዛ ደንብ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፥ ድንገተኛ ሕክምናን፥ ሆስፒታል መተኛትንና በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን የሚጨምር እንዲሆን ያዛል። ብዙ ሰው ግን ወረቀቱን የቪዛ ማስጨረሻ አድርጎ ስለሚቈጥረው ለኤምባሲው ካስገባ በኋላ ቅጂውን እንኳ ይዞ አይሄድም። ለቻይና ጉዞ ደግሞ እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌለ ጨርሶ ሳይገዛ ይሄዳል። ስለ ሞት መናገር ባይወደድም አንድ ቃል እንጨምር፤ እድራችን በሰፈር ውስጥ ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ ቤተ ሰቡን ያስተዛዝናል እንጂ አስከሬን ከሩቅ ምሥራቅ በአይሮፕላን የሚያስመጣበት አቅም የለውም። ይህን ወጪ የሚሸከመው ኢንሹራንሱ ነው፥ ኢንሹራንስ ከሌለም ቤተ ሰቡ ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአገር ቤት ያለው ሐኪም በእንግሊዝኛ ጽፎ፥ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በዚህ ወረቀት ላይ የቆየ ሕመም፥ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፥ የማይስማማ መድኃኒት፥ የደም ዓይነትና በየቀኑ የሚወሰደው መድኃኒት ከነመጠኑ ይጻፋል። መድኃኒቱ የሚጻፈው ፋብሪካው ባወጣለት የንግድ ስም ሳይሆን በዓለም አቀፍ ስሙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ለየመድኃኒቱ አንድ የጋራ ስም ሲሰጥ ስለኖረ፥ በንግድ ስሙ የማይታወቅ መድኃኒት በዚህ ስም በየትም አገር ይታወቃል። ሰው ሊያውቅብኝ አልፈልግም የሚለው መድኃኒት ያለው ተጓዥም ስሙን ጽፎ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ይያዘው፤ ራሱን ስቶ የደረሰን ሰው የሚያክም ሐኪም ይህን ሳያውቅ ሌላ መድኃኒት ቢሰጥ ሁለቱ ሊጣሉ ይችላሉ።

በወረቀቱ ላይ የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በ2010 ዓ.ም. የልብ ሕክምና ተደረገልኝ ብሎ የሚያስጽፍ ሰው በውጭ ሐኪም ዘንድ ሕክምናው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድበታል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በስምንት ሰዓት ዋጥ ቢል ጧት በእኛ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ በእኛው ስምንት ሰዓት የዋጠው ሰው ስድስት ሰዓት አዘግይቷል። ሦስተኛው ስም ነው። በውጭ አገር የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም ተደርጎ ስለሚመዘገብ፥ ሆስፒታሉ በአያት ስም ጠርቶት ሳያውቅ ተራው ያለፈው ሰው ጥቂት አይደለም። በኢንሹራንሱ፥ በሐኪሙ ወረቀትና በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ገንዘቡን ለማስመለስ ያስቸግራል።

በቻይና ሆስፒታል

የካንቶን ትርኢት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ በጸደይና በመኸር በጓንዡ ይደረጋል። በእነዚህ ወራት ከተማው በነጋዴ ይሞላል። እዚያ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው በሰፈር ውስጥ የግል ሐኪም ፈልጎ የማግኘት ልማድ እምብዛም አለመኖሩ ነው። የጉንፋን ሕመምተኛም የልብ ሕመምተኛም የሚሄደው ወደ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሎቹ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ሲሆኑ ከሁሉ የሚበልጡት የሦስተኛ ደረጃ «ሀ» የሚባሉት ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ዓለም አቀፍ ክፍል የሚባል አለ፤ ዋጋው ከተራው ክፍል በጣም ይበልጣል፥ ነገር ግን እንግሊዝኛ የሚችል ሐኪም የሚገኝበት ስለሆነ ለከባድ ሕመም የሚያዋጣ ይመስለናል። በቻይና ባህል መድኃኒት ብቻ የሚያክሙ ሆስፒታሎችም ስላሉ ከመግባት በፊት መጠየቅ ይገባል።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ በመስኮት ፓስፖርት አሳይቶ መመዝገብና የመመዝገቢያውን ዋጋ መክፈል ነው፤ ይህን «ጓ ሃዎ» ይሉታል። ሐኪሙ ከመረመረ በኋላ የደም ወይም የራጅ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ታማሚው ወደ መክፈያው ተመልሶ ለምርመራው ይከፍልና ደረሰኙን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል። ውጤቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል፤ መድኃኒት ከታዘዘለት እንደ ገና ከፍሎ ከዚያው ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ይቀበላል። ሳይከፈል የሚደረግ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከቢሮ ወደ ቢሮ መመላለስን የለመደ ነጋዴ ይህን በትዕግሥት ይወጣው ይሆናል፤ ትኵሳት ያንቀጠቀጠው ሰው ግን ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ አብሮ የሚሮጥለት አንድ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። በሌሊት ወይም በበዓል ቀን የሚሄድ ሰው «ጂ ጀን» የተባለውን የድንገተኛ ክፍል ይጠይቅ፤ እርሱ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው።

መተኛት ካስፈለገ «ያጂን» የሚባል መያዣ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፈላል። ልክ እንደ ቀብድ ነው፤ ሕክምናው በሄደ ቍጥር ከእርሱ ላይ እየተቀነሰ፥ ሲያልቅ ይጨመርበታል፥ በመውጫው ቀን ተሰልቶ የተረፈው ይመለሳል። ያገሩ ሰው ራሱ የሚከፍለው በዚሁ ዓይነት ስለሆነ ታማሚው እንደ ተዋረደ አድርጎ ሊቈጥረው አይገባም። በቻይና አብዛኛው ክፍያ በእጅ ስልክ በዊቻት ወይም በአሊፔይ ስለሚደረግ፥ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ያለው ሰው በስልኩ ላይ አስቀድሞ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ቢያስገባው በጨነቀው ሰዓት ይጠቅመዋል። ካርድ የሌለው ሰው የተወሰነ ገንዘብ ከዕቃው መግዣ ለይቶ በሌላ ኪስ ይያዝ። ሌላው የሚያስገርመው ነገር፥ የተኛውን ሰው የሚያበላውና የሚያጥበው ዘመዱ ወይም በቀን ክፍያ የሚቀጠር አስታማሚ እንጂ ነርሷ አለመሆኗ ነው፤ ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ልማድ ባይሆንም በጓንዡ ዘመድ ስለሌለ አስታማሚውን መቅጠር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ነጋዴዎቻችን ከገበያው በሚያውቁት ስም «ፋፕያዎ» የሚባለውን ደረሰኝ መቀበል አይረሳ፤ ኢንሹራንሱ ያለ እርሱ አይከፍልም።

የአምቡላንስ ስልክ 120 ነው። አምቡላንሱ ያስከፍላል፥ ስልኩን የሚያነሣውም ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ የሆቴሉ ጸሐፊ እንዲደውል ማድረግ ይሻላል። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቻይንኛ የተጻፈበትን ካርድ በኪስ መያዝ ከሁሉ የቀለለ ጥንቃቄ ነው።

ስለ አስተርጓሚ ጥቂት እንበል። በገበያው የሚያዞረው አስተርጓሚ በሆስፒታልም አስተርጓሚ ሆኖ መግባቱ የተለመደ ነው። ቅን ሰው ከሆነ ባለውለታ ነው። ሆኖም የጫማና የጨርቅ ዋጋ ሲከራከር የዋለ ሰው የሕመም ስሞችን ያውቃል ማለት አይደለም። ስለ ሆድ ወይም ስለ ራስ ምታት ከሆነ ይበቃል፤ ለቀዶ ሕክምና የስምምነት ወረቀት ፈርም ከተባለ ግን ሐኪሙ ራሱ እንግሊዝኛ በሚችል ባልደረባ በኩል እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። የነጋዴው ሕመም በገበያው ዘንድ ወሬ እንዲሆን የማይፈልግ ሰውም ይህን ያስብበት።

ሦስት ሕመሞች

ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ወባ ነው። ሰሊጥ ለመግዛት ወደ መተማና ወደ ሑመራ፥ ቡና ለመሰብሰብ ወደ ቈላው የወረደ ላኪ በሁለተኛው ሳምንት በሻንጋይ ወይም በፍራንክፈርት ይገኛል። ኀይለኛው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነከሰች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚነሣ ትኵሳቱ የሚይዘው እዚያ ነው። ቻይና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ከወባ ነጻ መሆኗን የዓለም የጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። ስለዚህ በጓንዡ ያለ ወጣት ሐኪም የወባ በሽተኛ በዓይኑ ያላየ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሎ ወደ ሆቴሉ ቢመልሰው ሊፈረድበት አይገባም። ይህ ሕመም ደግሞ ሳይታከም ከቆየ በጥቂት ቀን ውስጥ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ተጓዡ ሳይጠየቅ «ከኢትዮጵያ መጣሁ፥ በዚህ ወር ወባ ያለበት አገር ነበርኩ፥ ደሜ ለወባ ይመርመር» ብሎ መናገር አለበት። የአዲስ አበባ ሰው በከተማችን ወባ የለም ብሎ ነገሩን ቸል ሊለው አይገባም፤ እንዲያውም ሰውነቱ ወባን ስላለመደው ይበልጥ የሚጎዳው እርሱን ነው። በጓንዡ በኩል ደግሞ ትንኝ የምታመጣው የደንጊ ትኵሳት አለ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. በጓንግዶንግ ክፍለ አገር ከ45,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር። የትኵሳቱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መዋጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ፓራሲታሞል ይሻላል።

ሁለተኛው የአገራችን ነጋዴ «ጨጓራዬ ነው» የሚለው ሕመም ነው። በደረት መካከል የሚጫን፥ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፥ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል። የተዘጋውን የልብ ደም ሥር መክፈት የሚጠቅመው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተደረሰ ነው። እንዲሁም ፊቱ የተጣመመ፥ አንድ እጁ የዛለ፥ አንደበቱ የተያዘ ሰው በአንጎሉ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ኢንሹራንሱን ማማከር፥ ዋጋ ማወዳደር፥ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። አምቡላንስ ይጠራል።

ሦስተኛው ከአይሮፕላን ወንበር የሚመጣ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ በተጓዘ ሰው እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንድ እግር ብቻውን ካበጠና ካመመ፥ ወይም ከጉዞው በኋላ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ዱባይ ስንመለስ፥ የአምቡላንስ ስልክ 998 ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል ራሺድ ሆስፒታል በአደጋ ሕክምና የታወቀ ነው። የግል ክሊኒኮች በዴራም ሆነ በሌላው ሰፈር ሞልተዋል፥ ከሐኪሞቻቸውም ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ስለሚናገሩ የቋንቋው ችግር እንደ ቻይና አይከብድም። እዚያ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ኮዴይን፥ ትራማዶል፥ ዲያዜፓምና እነዚህን የመሰሉ መድኃኒቶች በአገሩ ሕግ በጥብቅ የሚጠበቁ ስለሆኑ፥ ለወገብ ሕመም አገር ቤት የታዘዘለትን ትራማዶል በሻንጣው የያዘ ሰው አስቀድሞ ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ ካላገኘ ሊታሰር ይችላል። የሳል ሽሮፕም ቢሆን ኮዴይን ያለበት ከሆነ ያው ነው። የሐኪም ማዘዣ መያዝ ጥሩ ነው፥ ፈቃዱን ግን አይተካም። (ጫት በዱባይም በቻይናም የተከለከለ መሆኑን ለሚያውቀው ሰው መድገም ባይገባም፥ መልእክት አድርስልኝ የሚል ወዳጅ አይጠፋምና አንስተነዋል።) ከሆስፒታል ዕዳ ሳይከፍሉ መውጣትም በፍርድ ቤት በኩል ከአገር እንዳይወጡ እስከ መታገድ ሊያደርስ ስለሚችል፥ መክፈል ያቃተው ሰው ከመሰወር ይልቅ ከሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ጋር በጽሑፍ ቢስማማ ይሻለዋል።

ስለ ሌሎቹ አገሮች ባጭሩ እናልፋለን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉና በቱርክ የድንገተኛ ስልክ 112 ነው። በእንግሊዝ ጠያቂ እንግዳ በድንገተኛ ክፍል ሲታይ አይከፍልም፤ አልጋ ይዞ ከተኛ ግን ይከፍላል፥ ዋጋውም ከወጪው አንድ ጊዜ ተኩል ሊደርስ ይችላል። በአሜሪካ ስልኩ 911 ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሕመም ያለበትን ሰው ገንዘብ አለህ ወይ ሳይል መርምሮ ማረጋጋት አለበት፤ ሒሳቡ ግን በኋላ ይመጣል፥ ከባድም ነው። ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ካልያዘ ሲደርስ እስከ ስድስት ቀን ድረስ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ካርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ይሠራል።

ኤምባሲና ቆንስላ የሕክምና ሒሳብ መክፈያ ግምጃ ቤት ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ያዝናል። የዜጎችን መብት መጠበቅና መርዳት ግን የቆንስላ ሥራ መሆኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በቪዬና በተፈረመው ስምምነት ተጽፏል። በጓንዡም በዱባይም የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስላለ፥ አስተርጓሚ ለማግኘት፥ ለቤተ ሰብ ለማስታወቅ፥ ቪዛው ሊያልቅበት ለተቃረበው በሽተኛ ማራዘሚያ እንዲጠይቅ ለመምከር ይጠቅማል። ስልኩን ከመሄድ በፊት መመዝገብ ይገባል።

በመጨረሻም ስለ መመለሻው ጉዞ። ታክሞ የወጣ ሰው ወዲያው አገሬ ልግባ ማለቱ የታወቀ ነው። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለ ተራራ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ይህ ለጤናማው ያገራችን ሰው ምንም አይደለም። ነገር ግን የልብ ወይም የሳንባ ሕመምተኛ በባሕር ጠረፍ ላይ ባሉት በዱባይ ወይም በጓንዡ ደኅና መስሎ ከታየ በኋላ አየሩ ሲሳሳበት ሊታመም ይችላል፤ ከሌላው መንገደኛ የሚለየውም ከአይሮፕላኑ ሲወርድ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ አለመድረሱ፥ በዚያው ከፍታ ላይ መኖር መቀጠሉ ነው። የውጭው ሐኪም አዲስ አበባ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለች ላያውቅ ስለሚችል ታማሚው ይንገረው፤ ለመጓዝ መቻሉን በጽሑፍ እንዲሰጠውም ይጠይቅ። አየር መንገዶች ለእንደዚህ ያለ መንገደኛ ሐኪሙ የሚሞላው ልዩ ቅጽ አላቸው፤ ኦክስጅን ወይም ቃሬዛ የሚያስፈልገው ከሆነ ከበረራው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱን ከጭነቱ ክፍል ብርድ ለመጠበቅ በእጁ ይያዘው፤ አዲስ አበባና ጓንዡ የአምስት ሰዓት ልዩነት ስላላቸውም የመወጊያውን ሰዓት እንዴት እንደሚያዛውር ሐኪሙን ይጠይቅ። ከሆስፒታሉ ሲወጣ የራጁን ፎቶግራፍ፥ የላቦራቶሪውን ውጤትና የመውጫውን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ እንዲሰጡት ቢጠይቅ፥ አዲስ አበባ ያለው ሐኪሙ ምርመራውን ከመጀመሪያው አይጀምርም።